ዛርን በሽቦ የቀዳው ሰው

የእህቴ ልጅ ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አንድ ነገር አመጣብኝ። «ጋሼ፣ የምትወዳቸውን አምስት ሙዚቃዎች ስጠኝ፤ እኔም አምስት እሰጥሃለሁ። ታዲያ ሁሉም በማሽን የተሠሩ ይሁኑ!» አለኝ። ጨዋታ ይምሰል እንጂ ነገሩ ወጥመድ ነው። በየሠርጉ ኪቦርድ በተከፈተ ቁጥር «ይሄ ማሽን ሙዚቃችንን በላው» እያልኩ ስማረር ሲሰማኝ ነው ያደገው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ጊዜም የአዝማሪ ግጥም በተነሳ ቁጥር ማሲንቆውን አወድሼ፣ ኪቦርዱን ረግሜ ነበር ከክፍል የምወጣው። ከተማሪዎቼ ማስታወሻ የያዘ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ያን ገጽ ቢሰርዝልኝ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የልጁን አምስት ሰማሁ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. የ1977 ሥራዎች ናቸው። አንደኛው ጆርጂዮ ሞሮደርና ፒት ቤሎት ሙኒክ ውስጥ ለዶና ሰመር ያዘጋጁላት «አይ ፊል ላቭ» ነው። ከዘፋኟ ድምፅ በቀር ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሙግ ሲንተሳይዘር የወጣ ነው። ሁለተኛው ክራፍትወርክ የሚባሉት ጀርመኖች የባቡርን ጉዞ በማሽን የገለጡበት «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» ነው። ሦስተኛው በ1982 የወጣው የአፍሪካ ባምባታ «ፕላኔት ሮክ» ሲሆን የነዚያኑ ጀርመኖች ዜማ ወስዶ የኒው ዮርክ ጥቁር ወጣቶች መጨፈሪያ አደረገው። አራተኛው ሁዋን አትኪንስ በ1985 ዲትሮይት ላይ የሠራው፣ በኋላ ቴክኖ ለተባለው ስልት በር ከከፈቱት አንዱ የሆነው «ኖ ዩፎስ» ነው። አምስተኛው የኛው ሮፍናን ነው፤ በ2018 ካወጣው «ነጸብራቅ» አልበም።

ልጁ እያሰማኝ አንድ ታሪክ ነገረኝ። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 «ቲአር 808» የሚባል የከበሮ ማሽን ለገበያ አቀረበ። ድምፁ እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ተናቀ። ወደ 12,000 ያህል ብቻ ተሠርቶ በ1983 ምርቱ ቆመ። ያኔ ያገለገለው ዕቃ ዋጋው ወረደና ባንድ ለማቋቋም አቅም የሌላቸው ወጣቶች እጅ ገባ። ባለገንዘቦቹ የጣሉትን ድምፅ እነሱ አነሱትና ዓለም ተከተላቸው። ማሽኑ «ከበሮ አይመስልም» የተባለው ልክ ነበር። ወጣቶቹ ግን ከበሮ እንዲመስል አልፈለጉትም፤ ራሱን እንዲመስል ነው የፈለጉት።

ተራው የኔ ሆነ። አንደኛዬ አላስቸገረኝም፤ በዚያው በ1977 የወጣው የዋሊያስ ባንድ «ቼ በለው» ነው። አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ተቆልፋ፣ ወጣቱ በየቀኑ በሚያልቅበት ዘመን የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን እንደዚያ መዝፈኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሁለተኛዬም የኃይሉ ነው። ባንዱ በ1981 አሜሪካ ሄዶ ሲበተን ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ የልጅነት አኮርዲዮኑን አንስቶ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ጎን ለጎን ይዞ ብቻውን «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ኋላ ኪቦርድ ላይ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አጨበጨበለት። ይህን ካሴት ስወደው ኖሬያለሁ። ማሽን መሆኑን ግን እንዳላየሁ አልፌው ነበር። ሰው የወደደውን ነገር አይመረምርም መሰለኝ።

ሦስተኛዬን ስፈልግ ነው ሃሊም ኤል ዳብ ላይ የወደቅኩት። ስሙን የማውቀው በሌላ ነበር። ሃሊም በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ በ1963 ደግሞ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን ያቋቋመ ግብጻዊ ነው። ከተለያየ አካባቢ የመጡ፣ አብረው ተጫውተው የማያውቁ ባለ ክራር፣ ባለ ማሲንቆ፣ ባለ ዋሽንትና ባለ በገና ባለሙያዎችን በአንድ መድረክ ያስቀመጠ ሰው። በኋላ ተስፋዬ ለማ ተረክቦ ለዓመታት መራው። እና እኔ ሃሊምን የማውቀው በዚህ፣ በማሲንቆ ወዳጅነቱ ነበር።

ለካስ ሰውየው ከማሽኑ ቤት ነው የመጣው! በ1921 ካይሮ ተወልዶ የእርሻ ትምህርት የተማረው ሃሊም፣ በ1944 ከአንድ የካይሮ ራዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅጃ ተዋሰ። መሣሪያው ድምፅን የሚይዘው ቀጭን የብረት ሽቦ ላይ ነው። ያን ከባድ ዕቃ ተሸክሞ የሄደው ሴቶች ዛር ወደሚለማመኑበት ሥርዓት ነበር። የቀዳውን ስቱዲዮ ወስዶ ወፍራሙን መሠረታዊ ድምፅ አጠፋው። የቀረውን የድምፁን ጥላ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ማሚቶውን በሚለዋውጥ ክፍል ውስጥ አስጮኸና እንደገና ቀዳው። ሥራውን በዚያው ዓመት ካይሮ ውስጥ ለሕዝብ አሰማ። ብዙ መጻሕፍት የዚህን ሙዚቃ ልደት የሚጀምሩት ከፓሪስ፣ ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅ ቀድቶ በራዲዮ ካሰማበት ከ1948 ነው። የካይሮው ሥራ በአራት ዓመት ይቀድማል።

ዛር ደግሞ ለኛ እንግዳ አይደለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የመዘገበውን ያነበበ ያውቀዋል። ሥርዓቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ግብጽ የተሻገረው ከኛና ከሱዳን አቅጣጫ፣ ብዙውንም በባርነት በተጋዙ ሴቶች አማካይነት እንደሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ይጽፋሉ። እንግዲህ አስቡት፤ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዎች በአንዱ ውስጥ ያለው ጩኸት፣ ሥሩ ቢቆፈር ወደ ኛው ደጅ ሊያደርስ የሚችል ነው። ያንን የቀዳው ሰው ኒው ዮርክ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሲሠራ ቆይቶ ነው አዲስ አበባ የመጣው። መጥቶም «ማሽን ግዙ» አላለንም። ክራራችሁን አምጡና አብረን እንስማው ነው ያለን። እኔ ለዘመናት ያጣላኋቸውን ማሲንቆና ማሽን፣ ይህ ሰው በአንድ ጆሮ ነበር የሚሰማቸው።

ይህን ስል ቅሬታዬን ሁሉ አልጣልኩም። ሁለት ኪቦርድ የአንድን ሙሉ ባንድ ቦታ ሲይዝ ጥሩምባ ነፊው ቤቱ መግባቱ እውነት ነው። ግን እሱን ያባረረው ሽቦው ነው ወይስ ለሁለት ሰው ብቻ ለመክፈል የፈለገው አሠሪ? ሰዓት እላፊው የዘጋውን የሌሊት ክበብስ ሲንተሳይዘር ነው የዘጋው? እኔ ግን ማሽኑን ተሳደብኩ። ማሽን አይመልስማ!

የልጁና የኔ ልውውጥ ያለቀው እናቴ ቤት ነው። ቡና እየተፈላ ሳለ የሃሊምን ሥራ፣ ሁለት ደቂቃ የምትሆነውን ቅንጫቢ፣ በስልኩ ከፈተልኝ። ቃል የለው፣ ዜማው አይያዝ፤ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ረጅም ማሚቶ ብቻ ነው። እናቴ ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች። ስለ ካይሮም ስለ ሽቦውም ማንም አልነገራትም። ሲኒ ስትደረድር ድንገት ቀና አለችና አማተበች።

«በስመ አብ! ይሄን ዝጉት» አለች። «የማንን ዛር ነው ቤቴ የምታስገቡት?»

እኔና ልጁ ተያየን። ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቷል፣ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈውታል፣ በሽቦና በስልክ ውስጥ ተሻግሯል። እሷ ግን አወቀችው። «ማሽን ነፍስ የለውም» ብዬ ያስተማርኳቸው ልጆች ያን ዕለት እዚያ ቡና ላይ አለመኖራቸው በጀኝ።

ልጁ ስልኩን ዘጋ። ሁለት ዘፈን አሁንም ዕዳ አለብኝ።