ድንጋዩን የወረወረው ማን ነው?

ባላገር ጎጆው ቢቃጠልበት ወይም ከብቱ ቢሰረቅበትና የሚጠረጥረው ቢያጣ አፈርሳታ ይጠራለት ነበር፤ አውጫጭኝ የሚለውም አገር አለ። የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። የመጣውም ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ እርሻውን ጥሎ ይውላል። ካልተገኘ ካሳውን ሁሉም አዋጥቶ ይከፍላል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፉት «ዘ አፈርሳታ» የተሰኘ ልቦለድ መነሻውም አንድ የተቃጠለ ጎጆ ነው።

ሕግ ስማር አፈርሳታ ያለፈበት ነገር ተደርጎ ነበር የተነገረን። ስዊሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እያንዳንዱን በየሥራው ይጠይቅ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ለሚፈጸም ወንጀል ግን ለብቻው ድንጋጌ ነበረው፤ ያልተካፈለ መሆኑ የተረጋገጠ ሰው አይቀጣም ይል ነበር። ደግ ድንጋጌ ነው። ችሎት ላይ ግን ጥያቄው ይመጣል፤ አለመካፈሉን የሚያስረዳው ማን ነው? ራሱ ተከሳሹ?

በየካቲት 1966 የነዳጅ ዋጋ ሲንር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው አድማ መቱ። ሥራ ላይ የነበሩ የከተማ አውቶቡሶች የድንጋይ ውርጅብኝ ወረደባቸው። በዚያ ሕዝብ መካከል ወርዋሪውን ለይቶ መያዝ ለፖሊስ ቀላል አልነበረም። መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፤ ወሩ ሳያልቅም የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

እኔ ዐቃቤ ሕግ ከሆንኩ በኋላ እንዲህ ያለ መዝገብ ደረሰኝ። ኤግዚቢቱ ቁጥር የተለጠፈበት ድንጋይና በፌስታል የታሰረ የመስታወት ስባሪ ነው። ተከሳሾቹ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። ክሱ «በቡድን ሆነው» ይላል። ምስክሩን ፖሊስ ማን እንደወረወረ ብጠይቀው «እነሱ ናቸው» አለኝ። ከመካከላቸው የትኛው ብለው እንደገና «እነሱ» አለ። አንደኛው ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር የተያዘው፤ ይህንንም የተናገረችለት ባለ ሱቋ ናት።

በ1983 የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሰልፈኛ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አዘዘ። ሰልፉ ከተበላሸ በኋላ ጥፋተኛው እንዴት ይለያል የሚለው ግን እዚያው ቀረ። በ1998 ጥቅምት ከምርጫው ውዝግብ ጋር ተያይዞ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከየሰፈሩ ታፍሰው ደዴሳ ካምፕ ገቡ፤ አብዛኞቹ ክስ ሳይመሠረትባቸው ተለቀቁ።

አፈሳ ከአፈርሳታ የወሰደው ጅምላውን ብቻ ነው። አፈርሳታ ቢያንስ ሽማግሌ ነበረው፤ ሁሉም በአደባባይ ይናገር ነበር፤ ጎጆው የተቃጠለበትም ካሳውን ያገኛል። በአፈሳ ግን ንጹሑ ይታሰራል፣ ወርዋሪው ያመልጣል፣ የአውቶቡሱም መስታወት የሚከፍልለት የለም። የሕዝብ ንብረት የሰበረ ይቀጣ፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ዛሬ መዝገብ የምትከፍቱ ባልደረቦቼ ግን ከእያንዳንዱ ተከሳሽ ስም ትይዩ በገዛ እጁ ምን እንዳደረገ ጻፉ፤ የምትጽፉት ካጣችሁ ስሙን ሰርዙት።