ጤና አዳም፦ ከንጉሥ መድኃኒት እስከ በረንዳ ባልዲ

ሰሞኑን እኛ የዚህ ጦማር ጸሐፊዎች አንዷ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ቡና እየጠጣን ነበር። ኮንዶሚኒየም ነው፤ ያውም ሦስተኛ ፎቅ። ቡናው ተቀዳ። «ጤና አዳም የለም እንዴ?» አለ አንዱ። የለም። ድሮ ቢሆን ልጅ ወደ ጓሮ ተልኮ ቀንጥሶ ይመጣ ነበር። አሁን ደረጃውን ወርዶ ጉሊት ድረስ መሄድ ሊኖር ነው። እናላችሁ፣ ወሬያችን ከዚያ ተነስቶ የት የት እንዳደረሰን እናጫውታችሁ።

ብዙዎቻችን ጤና አዳምን የእኛ ብቻ አድርገን ነው የምናየው። የወገኖቹ ጥንተ አገር ግን የሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ ነው። ሊኒየስ የተባለው የእጽዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1767 ሳይንሳዊ ስሙን ሲያወጣለት በሶርያዋ ከተማ በሐለብ ነው የሰየመው። በቤተሰብ ደረጃ ደግሞ ከሎሚና ከብርቱካን ጋር ዘመድ ነው።

የሉቃስ ወንጌል 11፥42ን ያነበበ ሰው ፈሪሳውያን ከጤና አዳም ሳይቀር አሥራት ያወጡ እንደነበር ያስታውሳል። ሮማዊው ፕሊኒ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደጻፈው ደግሞ፣ መርዝ በጣም ይፈራ የነበረው የጶንጦሱ ንጉሥ ሚትሪዳጤስ ከተሸነፈ በኋላ በወረቀቶቹ መካከል የማርከሻ አሠራር ተገኝቷል፦ 2 ደረቅ ዋልነት፣ 2 በለስ፣ 20 የጤና አዳም ቅጠልና ጨው አብሮ መውቀጥ። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝም እ.ኤ.አ. በ800 ገደማ በወጣው የርስት ደንብ ጤና አዳም በአትክልት ቦታዎቹ እንዲተከል አዟል።

ከዚህ ሁሉ ልባችንን የነካው ግን ሌላ ነው። ያው ፕሊኒ «እርጉዝ ሴት ከጤና አዳም ትጠንቀቅ፣ ጽንሱን ይገድላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ትቷል። የዛሬ ሐኪሞችም እርጉዝ ሴት እንዳትወስደው ይመክራሉ። የጓደኛችን አያት ፕሊኒን አያውቋቸውም፤ ግን ለጎረቤት ግንጣይ ሲሰጡ «ለነፍሰ ጡር እንዳታቀምሺ» ሳይሉ አያሰናብቱም ነበር። ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው እንደሚያቃጥልም ይናገሩ ነበር። ይህም እውነት ነው።

ጤና አዳም አንዴ ከተተከለ ለዓመታት የሚኖር ተክል ነው። ለዚህም ነው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረው። ግንጣዩ ሲሄድ ምክሩም አብሮት ይሄዳል፤ ሰጪዋ ጎረቤት ናትና። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ከጓሮው ወጥቶ ፎቅ ላይ ሲወጣ ግን ሁለቱ ተለያዩ። ቅጠሉን ጉሊት እንገዛለን፤ ምክሩን የሚሸጥ የለም። የቀረብን የቡና ማጣፈጫ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ የቀረብን ጥንቃቄውም ነው።

ደግነቱ ጤና አዳም ባለጸጋ አይጠይቅም። ከጎን የበቀለ ግንጣይ፣ ከሥሩ የተበሳ ባልዲ፣ ውኃ የማይቋጥር አፈርና ፀሐይ ያለበት በረንዳ ይበቁታል። ውኃ ካበዛችሁበት ሥሩ ይበሰብሳል። አናቱን እየቀነጠባችሁ ብትጠቀሙበት ይበልጥ ይቀነጥፋል።

ጓደኛችን ባልዲዋን በስታለች። ሲጸድቅላት ለቡና የሚመጣ ሁሉ አንድ አንድ ግንጣይ ይዞ ይሄዳል። የአያቷን ቃል ሳይሰማ ግን ከበር አይወጣም።

እናንተስ፣ የእናታችሁን ጓሮ ምክር ጠይቃችኋል?