መልኩ የጠፋ ግርሽ፤ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጥቃቅን የብር ገንዘብ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኅብረት ያቋቋሙት የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ይገኛል። አገሩ ስሙን ያገኘው ከቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች አንዱ ከሆነው ከጉለሌ ነው። ዛሬ በማዕከሉ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ሌላውም አገር በቀል ዛፍ ባሕር ዛፍ በያዘው ስፍራ እንዲተካ ይደከማል። ባሕር ዛፍ ወደ ዋና ከተማው የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱ ስምና መልክ የተቀረጸበት የብር ገንዘብም የወጣው በዚሁ ጊዜ፣ በ1887 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ በአንድ ዘመን መምጣታቸው አጋጣሚ ነው፤ ይሁን እንጂ የተገናኙበት ስፍራ አለ፤ ይኸውም የማገዶ ገበያ ነው። ከእንጦጦ በጀርባ ታዝሎ የወረደ አንድ ሸክም እንጨት ዋጋው ከአንድ ጠገራ ብር እጅግ ያንሳል። ታዲያ ገዥው ለሻጯ ምን ይስጣት?

የጥቃቅን ገንዘብ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ያሳትሙ ነበር፤ መንግሥታቸው ከደከመ በኋላ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት በደጋው አገር በንጉሥ ስም የታተመ ገንዘብ አልነበረም። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ትልቁ ገንዘብ በኦስትሪያይቱ ንግሥት በማርያ ቴሬዛ ስም የታተመው፣ 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት ያለበት፣ 28 ግራም የሚመዝን ጠገራ ብር ነበር። ከእርሱ በታች ላለው ግብይት ሕዝቡ በአሞሌ ጨው፣ አንዳንድ ጊዜም በጥይት ይጠቀም ነበር። አሞሌ ከሚቈረጥበት ከአፋር ቈላ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናም ያሟሟዋል፤ በጕዞም ይሰበራል። ጥይትም ቢሆን ከተተኰሰ ገንዘብነቱ አበቃ።

በዚህ ረገድ ከሌላው አገር የተለየችው ሐረር ናት። አሚሮቿ መሐለቅ የሚባል ትንሽ ገንዘብ ያሳትሙ ነበር። ሐረር በ1879 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ ግዛት ከገባች በኋላ ይህ ስም ከከተማዪቱ ወጥቶ ወደ ደጋው ዘለቀ፤ የአዲስ አበባ ሰውም የምኒልክን ትንሽ ብር ግርሽ እያለም መሐለቅ እያለም ይጠራው ጀመር። ግርሽ የሚለው ቃል ራሱ ከቱርኮች ገንዘብ ስም የመጣ ነው። እንግዲህ በአንዲት ጣት ጫፍ ላይ በምትቀመጥ ብር ላይ የአንበሳ ምስል ከኢትዮጵያ፣ አንዱ ስም ከሐረር፣ ሌላው ከኢስታንቡል ተገናኝተዋል ማለት ነው።

በፓሪስ የታተመው የምኒልክ ብር በክብደቱም ሆነ በጥራቱ ጠገራውን እንዲመስል ተደርጎ ነበር። ከእርሱም በታች አላድ (ግማሽ)፣ ሩብና ተሙን (ስምንተኛ) ወጡ፤ ጥቂት ቈይቶ ደግሞ ግርሽ ተጨመረ። ግርሹ ክብደቱ 1.40 ግራም፣ ጥራቱም ከሺው 835 እጅ ብር ነበር። ሃያው ግርሽ ሲመዘን 28 ግራም፣ ማለትም አንድ ሙሉ ብር ይሆናል። በኋላ ግን ገበያው ብሩን በዐሥራ ስድስት ግርሽ መመንዘር ያዘ። ዐሥራ ስድስቱ ግርሽ 22.4 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ግርሽ የተቀበለ ሰው በክብደቱ አምስተኛ ያህል የጐደለ ብር መቀበሉ ነበር፤ ሆኖም ተቀበለው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ያው ሕዝብ ጠገራ ብር ሲቀበል እጅግ ተጠራጣሪ ነበር፤ በንግሥቲቱ ደረት ላይ ያለውን የጌጥ እንቍ ይቈጥራል፣ ፊቷ የተፋቀውንም ይመልሳል። የምኒልክንም ትልቅ ብር ከጠገራው ጋራ እኩል አድርጎ ለመቀበል ብዙ አመነታ። ግርሹን ግን ምስሉ ጠፍቶ ሙልጭ ያለ ቢሆንም እንኳ ቈጥሮ ይቀበል ነበር። ትልቁ ብር የሀብት ማስቀመጫ ስለ ነበረ ዋጋው በብርነቱ ነው፤ ትንሹ ግን ነገ ለሌላ ሰው ስለሚተላለፍ ዋጋው በቍጥር ነው። በኢትዮጵያ ገንዘብ ከሚዛን ወደ እምነት የተሻገረው፣ መጻሕፍት እንደሚያስቡት በባንክ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በማገዶና በበርበሬ ገበያ በግርሽ በኩል መሻገር ጀምሮ ነበር።

ስለዚህ አሮጌ ገንዘብ መሰብሰብ የሚጀምር ተማሪ እንደ አውሮጳ ሰብሳቢዎች አዲስ መልክ ያለውን ብቻ ቢፈልግ፣ የሚያገኘው ገበያ ያልወጣውን፣ በሣጥን የከረመውን ገንዘብ ነው። ከታሪክ በኩል የሚሻለው የተፋቀው ነው። ዋጋውም ርካሽ ስለ ሆነ ለጀማሪ ይስማማል። መሣሪያው አንድ የአንጥረኛ ሚዛንና አጕሊ መነጽር ነው። ግርሹ ተመዝኖ ከ1.40 ግራም የጐደለው በስንት እጅ እንደ ዞረ ይመሰክራል፤ ሃያ ሠላሳ ግርሽ በአንድነት ተመዝኖ ሲነጻጸር ደግሞ ምስክርነቱ ይጸናል። በሆምጣጤ ወይም በአሸዋ ማጽዳት ግን ይህን ምስክር መፋቅ ነው።

ዓመቱን ማንበብ ጥንቃቄ ይሻል። በግርሹ ላይ ያሉት ዓመታት ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፩ እና ፲፰፻፺፭ ናቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚለዩት በመጨረሻው አኃዝ ብቻ ስለ ሆነ፣ ብሩ ሲፋቅ ፩ እና ፭ ይመሳሰላሉ፤ ወደ ብርሃን አጋድሎ ማየት ያስፈልጋል። ደግሞም ፲፰፻፺፭ ማለት በ1895 ዓ.ም. ታተመ ማለት አይደለም፤ ያው ዓመት ሳይለወጥ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ እንኳ ግርሽ ታትሟል። ልማዱም አልቀረም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣው 1936 የሚለው ሳንቲም ለብዙ ዓመታት በዚያው ዓመት ታትሟል። ከዚያው ተራ የሆነው የ50 ሳንቲም ብርም ለገበያ የወጣ የመጨረሻው ጥቃቅን የብር ገንዘብ ነው።

የተበሳው ግርሽ ብቻውን ሌላ ምዕራፍ ነው። ለአንገት ጌጥ ወይም ለሕፃን የታሰረ ብር ቀዳዳው ከንጉሡ ራስ በላይ ሲሆን፣ ባለቤቱ ምስሉ ቀጥ ብሎ እንዲታይ አስቦ እንደ በሳው ያሳያል፤ ፊቱን ሳይመርጥ የተበሳው ደግሞ ለብርነቱ ብቻ እንደ ተፈለገ ያመለክታል። ነጋዴዎች ቀዳዳ ያለውን ከፋይዳ ቢስ ቈጥረው ለአንጥረኛ በሚዛን ይሸጡታል፤ አንጥረኛውም አቅልጦ መስቀል ወይም ቀለበት ያደርገዋል። ሙልጭ ያለው ግርሽም ዕጣው ከዚሁ አይለይም። ምንም ሳይነካ የቀረው በቤተ መዘክርና በባዕድ አገር ሰብሳቢ ዘንድ ሲጠበቅ፣ በገበያ ያገለገለው ግን ክብደቱ እንኳ ሳይጻፍ በየቀኑ በከሰል እሳት ላይ እያለቀ ነው።