የአየር መንገዶች የአባልነት ደረጃዎች፦ «ጎልድ» ሁሉ አንድ አይደለም

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ በረራ፣ በአንድ የኢኮኖሚ ክፍል የሚጓዙ ሁለት መንገደኞች እኩል መስተንግዶ ላያገኙ ይችላሉ። አንደኛዋ እናት ረጅሙን ሰልፍ ጠብቀው ሚዛኑ ዘንድ ሲደርሱ ሻንጣቸው ከተፈቀደው ክብደት ያልፋል። ባሕር ማዶ ላለች ልጃቸው የያዙትን ሽሮና በርበሬ ወይ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍለው ያሳልፋሉ፤ ወይ ከሸኚዎቻቸው ጋር ይመልሱታል። ሌላኛው መንገደኛ ግን በአጭሩ ሰልፍ ገብቶ፣ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ያለ ክፍያ አስመዝግቦ፣ የበረራው ሰዓት እስኪደርስ በተለየ ማረፊያ ሻይ እየጠጣ ይቆያል። ልዩነቱን ያመጣው የትኬት ዋጋ ሳይሆን ሁለተኛው መንገደኛ የያዘው የአባልነት ደረጃ ነው።

አየር መንገዶች ደጋግመው ለሚበሩ ደንበኞቻቸው የሚሰጧቸው እነዚህ ደረጃዎች በአብዛኛው ሲልቨር፣ ጎልድ እና ፕላቲንየም ይባላሉ። ስሞቹ ቢመሳሰሉም የሚያስገኙት ጥቅም ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ስለዚህ ተጓዡ ሊጠይቅ የሚገባው የካርዱን ቀለም ሳይሆን ስንት ኪሎ እንደሚጨምርለት፣ በየትኞቹ አየር መንገዶች እንደሚያገለግለውና ለማግኘት ምን ያህል እንደሚያስወጣው ነው።

አጀማመሩ

አሠራሩ በስፋት የተጀመረው በአሜሪካ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.አ.አ በግንቦት 1981 አድቫንቴጅ የተሰኘውን መርሐ ግብር ሲያስተዋውቅ፣ ተፎካካሪው ዩናይትድ በዚያው ወር የራሱን ይፋ አደረገ። ዴልታም በዚያው ዓመት ተከተለ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ መንገደኛው በሚቀጥለው ጉዞው ወደ ተፎካካሪ እንዳይሄድ በበረረው ማይል ልክ ነጥብ መያዝና በነጥቡ ነፃ ትኬት መስጠት። አንድ ማይል 1 ነጥብ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ዛሬ አባሉ ሁለት ዓይነት ነጥብ እንደሚሰበስብ መረዳት ያስፈልጋል። አንደኛው ለነፃ ትኬት ወይም ለተሻለ መቀመጫ የሚመነዘረው የሽልማት ማይል ነው። ሁለተኛው የአባሉን ደረጃ የሚወስነው የደረጃ ማይል ነው። የደረጃ ማይል አይመነዘርም፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚፈለገው መጠን ካልሞላም ቆጠራው እንደገና ይጀመራል።

ሦስቱ ጥምረቶች

የአንድ ካርድ ዋጋ በሰጪው ኩባንያ ብቻ አይወሰንም፤ ኩባንያው የሚገኝበት ጥምረትም ይወስነዋል። በዓለም ላይ ሦስት ትላልቅ የአየር መንገድ ጥምረቶች አሉ። ስታር አሊያንስ እ.አ.አ በ1997፣ ዋንወርልድ በ1999፣ ስካይቲም ደግሞ በ2000 ተመሥርተዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.አ.አ በታኅሣሥ 2011 ስታር አሊያንስን ተቀላቅሏል። የአየር መንገዱ መርሐ ግብር ሸባ ማይልስ ይባላል፤ ደረጃዎቹም ሰማያዊ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ እና ፕላቲንየም ናቸው። የቱርክ አየር መንገድ፣ ሉፍታንዛ፣ ግብፅ ኤር፣ ዩናይትድ እና ኤር ካናዳም የዚሁ ጥምረት አባላት ናቸው። በመሆኑም የኢትዮጵያ እና የቱርክ አየር መንገዶች በገበያ ቢፎካከሩም አንዱ የሰጠውን ጎልድ ሌላው ያከብረዋል።

የኳታር አየር መንገድ የዋንወርልድ አባል ነው። የሳዑዲ አየር መንገድ እና ኬንያ ኤርዌይስ በስካይቲም ውስጥ ይገኛሉ። መቀመጫውን ዱባይ ያደረገው ኤሚሬትስ ግን ከሦስቱም ጥምረቶች ውጪ ነው።

ሲልቨር ምን ይሰጣል?

ትልቁ ልዩነት የሚታየው በዚህ በመጀመሪያው የክብር እርከን ላይ ነው።

በስታር አሊያንስ ሲልቨር በጥምረቱ ደረጃ የሚያስገኘው ጥቅም ጥቂት ነው፤ በረራው ሞልቶ ከሆነ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ቅድሚያ ማግኘት። ከዚያ በላይ ያለውን የሚወስነው ካርዱን የሰጠው ኩባንያ ነው። ስለዚህ የሸባ ማይልስ ሲልቨር አባል በራሱ አየር መንገድ የሚያገኘውን መስተንግዶ በሉፍታንዛ ወይም በዩናይትድ በረራ ላይ መጠበቅ የለበትም።

በዋንወርልድ የመጀመሪያው እርከን ሩቢ ይባላል፤ የኳታር ሲልቨርም ከዚሁ ጋር እኩል ነው። በቢዝነስ ክፍል መስኮት የመመዝገብ ዕድልን ይሰጣል፤ ተጨማሪ ሻንጣ ግን በጥምረቱ ደረጃ አይሰጥም።

በስካይቲም ኤሊት ይባላል፤ የሳዑዲ አየር መንገድ ሲልቨር አባላት የሚያገኙት ይህንን ነው። ቅድሚያ ምዝገባና ቅድሚያ መሳፈርን ከመስጠቱ በላይ 10 ኪሎ ወይም አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ያስገኛል።

ኤሚሬትስ ደግሞ ሻንጣ በክብደት በሚቆጠርባቸው መስመሮች ለሲልቨር አባላቱ 12 ኪሎ ይጨምራል፤ በዱባይም የቢዝነስ ክፍል ማረፊያውን ይከፍትላቸዋል። እንግዲህ በአንድ ስም የሚጠራው ደረጃ በአንዱ ዘንድ ከተጠባባቂነት ቅድሚያ ያለፈ አይደለም፤ በሌላው ዘንድ ደግሞ የኪሎ ጭማሪና ማረፊያ አለው።

ጎልድ ምን ይሰጣል?

በጎልድ እርከን ጥምረቶቹ ይቀራረባሉ። ዋና ዋናዎቹ ጥቅሞች የሚከተሉት ናቸው።

- ስታር አሊያንስ ጎልድ፦ ሻንጣ በክብደት ከተቆጠረ 20 ኪሎ፣ በቁጥር ከሆነ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ፤ ከአንድ እንግዳ ጋር ወደ ማረፊያ መግባት፤ ቅድሚያ ምዝገባ፣ ቅድሚያ መሳፈር፣ ሻንጣን ቀድሞ መረከብ። የሸባ ማይልስ ጎልድ እና ፕላቲንየም አባላት ሁለቱም ከዚህ ደረጃ ይመደባሉ።
- ዋንወርልድ ሳፋየር፦ 15 ኪሎ ወይም አንድ ተጨማሪ ሻንጣ፤ ከአንድ እንግዳ ጋር የቢዝነስ ክፍል ማረፊያ። የኳታር ጎልድ ከዚህ ጋር እኩል ነው። ከእርሱ በላይ ያለው ኤመራልድ 20 ኪሎ ወይም አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ይሰጣል፤ የአንደኛ ክፍል ማረፊያንም ይጨምራል።
- ስካይቲም ኤሊት ፕላስ፦ 20 ኪሎ ወይም አንድ ተጨማሪ ሻንጣ፤ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ከአንድ እንግዳ ጋር ማረፊያ።
- ኤሚሬትስ፦ ለጎልድ 16 ኪሎ፣ ለፕላቲንየም 20 ኪሎ፤ የጎልድ አባል ኩባንያው ባሉት ማረፊያዎች ከአንድ እንግዳ ጋር ይስተናገዳል። ሆኖም ደረጃው በዋናነት የሚያገለግለው በራሱ በኤሚሬትስና በፍላይዱባይ በረራዎች ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። የመጀመሪያው «ኪሎ» እና «ቁጥር» የተለያዩ የአቆጣጠር ስልቶች መሆናቸው ነው። በአንዳንድ መስመሮች መንገደኛው የሚፈቀድለት አጠቃላይ ክብደት ሲሆን፣ በሌሎች ደግሞ እያንዳንዳቸው የተወሰነ ክብደት ያላቸው ሻንጣዎች ቁጥር ነው። በቁጥር በሚሠራ መስመር ላይ አንዱን ሻንጣ ከልክ በላይ ማክበድ ደረጃ ላለውም ሰው ክፍያ ሊያስከትል ይችላል።

ሁለተኛው ካርዱ የተገኘበት ቦታ ለውጥ የሚያመጣ መሆኑ ነው። ለምሳሌ ዩናይትድ የራሱን ጎልድ አባላት በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ላይ በደረጃቸው ብቻ ወደ ማረፊያው አያስገባም፤ የሚያስገባቸው ዓለም አቀፍ ጉዞ ሲኖራቸው ነው። በሌላ የስታር አሊያንስ አባል የተሰጠ ጎልድ የያዘ መንገደኛ ግን በአገር ውስጥ በረራም ይገባል። በአሜሪካ የሚኖርና ወደ አገሩ የሚመላለስ ኢትዮጵያዊ የሸባ ማይልስ ጎልድ ካለው በዚህ ረገድ ከዩናይትድ የራሱ ደንበኛ የተሻለ መብት አለው ማለት ነው።

ደረጃው በስንት ጉዞ ይገኛል?

ኤሚሬትስ ለሲልቨር 25 ሺህ፣ ለጎልድ 50 ሺህ፣ ለፕላቲንየም 150 ሺህ የደረጃ ማይል ይጠይቃል። የቱርክ አየር መንገድ ከስታር አሊያንስ ጎልድ ጋር እኩል ለሆነው ኤሊት ደረጃው 40 ሺህ ማይል ይፈልጋል። የኳታር አየር መንገድ በማይል ፈንታ ኪው ፖይንት የተባለ ነጥብ ይቆጥራል፤ ለሲልቨር 150፣ ለጎልድ 300፣ ለፕላቲንየም 600 ነጥብ ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹ በተግባር ምን ማለት እንደሆኑ ለመረዳት በርቀት ብቻ እናስላ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደርሶ መልስ 14 ሺህ ማይል ያህል ነው። ዕቃ ለማምጣት ወደ ጓንዡ የሚመላለስ ነጋዴ በአንድ ደርሶ መልስ 10 ሺህ ማይል ገደማ ይጓዛል። ወደ ዱባይ ደርሶ መልስ ግን 3 ሺህ 100 ማይል አካባቢ ነው። በመሆኑም 25 ሺህ ለሚጠይቅ ደረጃ የዋሽንግተኑ ተጓዥ 2 ጊዜ፣ የጓንዡው ነጋዴ 3 ጊዜ፣ የዱባዩ ተመላላሽ ደግሞ 9 ጊዜ መብረር ይኖርባቸዋል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ትኬቱ ሙሉ ማይል የሚያስቆጥር ከሆነ ነው። ርካሽ ትኬቶች አብዛኛውን ጊዜ የርቀቱን ከፊል ብቻ ያስቆጥራሉ። ከፊሉ ግማሽ ቢሆን የጉዞው ብዛት እጥፍ ይሆናል። ኤሚሬትስን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ደግሞ ማይሉን የሚያሰሉት በመንገዱና በትኬቱ ዓይነት በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ዘመድ ለመጠየቅ በሁለትና በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ የሚበር ሰው የጎልድ ካርድን ተስፋ ማድረግ እንደማይገባው ነው። የእርሱ ድርሻ የሽልማት ማይሉ ነው።

ከርቀት ወደ ገንዘብ

በቅርብ ዓመታት ትላልቅ ኩባንያዎች ደረጃን በተበረረው ርቀት ሳይሆን በተከፈለው ገንዘብ መመዘን ጀምረዋል። ዴልታ ከጥር 2024 (እ.አ.አ) ጀምሮ የሚቆጥረው አባሉ ያወጣውን ዶላር ብቻ ነው። ኩባንያው ለውጡን በመስከረም 2023 ሲያስታውቅ የማረፊያ አጠቃቀምንም አጥብቦ ነበር። ከደንበኞች ብርቱ ቅሬታ በመነሣቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ኤድ ባስቲያን ከመጠን ማለፋቸውን አምነው በቀጣዩ ወር ደንቡን በከፊል አላልተዋል። ብሪቲሽ ኤርዌይስም ከሚያዝያ 2025 (እ.አ.አ) ወዲህ በዋናነት በወጪ መቁጠር የጀመረ ሲሆን፣ ለጎልድ 20 ሺህ የደረጃ ነጥብ ይጠይቃል፤ በትኬት ላይ የሚወጣ አንድ ፓውንድም አንድ ነጥብ ያስገኛል።

ለውጡ ውድ ትኬት የሚገዛውን ሲጠቅም በርካሽ ትኬት ሩቅ የሚጓዘውን ጎድቷል። የደረጃ ደንብ ኩባንያው በፈለገ ጊዜ የሚለውጠው በመሆኑ ዛሬ የተገኘ መብት ነገም ይኖራል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ተጓዡ ምን ያድርግ?

አባልነት ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ ከጉዞ በፊት መመዝገብ ተገቢ ነው። በአባልነቱ የሚሞላው ስም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። የአባት እና የአያት ስም አጻጻፍ በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ማይሉ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። የመሳፈሪያ ወረቀቱን ማይሉ መግባቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ማስቀመጥም ያስፈልጋል፤ ያልተመዘገበ ጉዞ በተወሰኑ ወራት ውስጥ ሊጠየቅ ይችላልና።

ደጋግሞ የሚበር ሰው ጉዞውን በሦስት ኩባንያዎች ላይ ከመበተን በአንድ ጥምረት ቢሰበስብ ይሻለዋል። ለምሳሌ በቱርክ አየር መንገድ የበረረ ሰው ማይሉን በሸባ ማይልስ ሒሳቡ ማስቆጠር ይችላል፤ ነገር ግን አንድ በረራ በሁለት ሒሳብ አይመዘገብም። ቤተሰብ ሆነው የሚጓዙ ደግሞ የጋራ ሒሳብ መኖሩን ይጠይቁ። ኤሚሬትስ እስከ 8 የሚደርሱ የቤተሰብ አባላት የሽልማት ማይላቸውን በአንድነት እንዲያጠራቅሙ ይፈቅዳል፤ የደረጃ ማይል ግን የየግል ነው።

የማይሉን ዕድሜም ማወቅ ያሻል። የኤሚሬትስ የሽልማት ማይል በሦስተኛው ዓመት፣ አባሉ በተወለደበት ወር መጨረሻ ላይ ይቃጠላል። በኳታር የሚሠራው አቪዮስ ደግሞ ለ36 ወራት ምንም እንቅስቃሴ ካልታየበት ይሰረዛል።

በመጨረሻም ለደረጃ ሲባል ብቻ ውድ ትኬት መግዛት ወይም አላስፈላጊ ጉዞ ማድረግ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። የሁለቱ ትኬቶች የዋጋ ልዩነት ከተጨማሪ ሻንጣው ክፍያ የሚበልጥ ከሆነ ርካሹን ገዝቶ ለሻንጣው መክፈል ያዋጣል። በየጊዜው ለሚመላለሰው ነጋዴ ካርዱ ወጪ ይቆጥባል። በዓመታት አንዴ ልጃቸውን ለመጠየቅ ለሚሄዱት እናት ግን ከሁሉ የሚበጃቸው ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ስንት ሻንጣ፣ እያንዳንዱም ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ ጠይቆ ሽሮና በርበሬውን በቤት ሚዛን መዝኖ መነሣት ነው።