ከስልክ ሽቦ እስከ ብርሃን ገመድ፤ የመስመር ልክና የደንበኛ ቅሬታ በኢትዮጵያ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አምበር የአነደድ ወረዳ መቀመጫ የሆነች የደጋ ከተማ ናት። በገበያ ቀን ጤፍ ለመሸመት የወጣ ሰው ቁናው ሲሞላ በዓይኑ ያያል፤ ጎደለ ካለም ይከራከራል፤ ሻጩም «እስከ አንድ ቁና እሰፍርልሃለሁ» ብሎ አይዋዋለውም። ያው ሰው በቤቱ የኢንተርኔት መስመር ሲያስገባ ግን የሚቀርብለት ውል ብዙውን ጊዜ «እስከ» የምትለውን ቃል ይዞ ይመጣል፤ ፍጥነቱ እስከ ይህን ያህል ሜጋ ቢት በሰከንድ ይደርሳል ይባላል። ሲሰፈርለት አያይም። ምሽት ላይ የልጁ ትምህርት አልከፈት ሲለውም ምን ያህል እንደ ጎደለ፣ ያጎደለውም ማን እንደ ሆነ ለይቶ የሚናገርበት መለኪያ የለውም።

ከዚህ የሚነሣው ቅሬታ ዛሬ የተወለደ አይደለም። የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ በአንድ በኩል የመስመር መስፋፋት ታሪክ ሲሆን፣ በሌላ በኩል ደግሞ የመስመር ልክ ታሪክ ነው። ልኩም በየዘመኑ ከሦስት ምንጮች ሲቀዳ ኖሯል፤ ይኸውም ከተፈጥሮ ሕግ፣ ከገንዘብ አቅምና ከሰው ውሳኔ ነው። ደንበኛው ሦስቱንም በአንድ ስም ጠቅልሎ «ኔትወርክ የለም» ይላል፤ ሊፈረድበትም አይችልም። ባለሙያው ግን ለይቶ ማወቅ፣ ለይቶም መናገር ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱ ልኮች በአገራችን እንዴት እንደ ተፈራረቁ ማሳየት ነው።

የሽቦው ዘመን

«ስልክ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ማለት ነው። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በእንዲህ ያለ ረጅም ሽቦ ላይ የሚጓዝ ድምፅ በርቀት ይደክማል፤ ምሰሶ በወደቀ፣ ሽቦም በተበጠሰ ቁጥር ንግግሩ የሚቀጥለው ጠጋኙ በስፍራው ሲደርስ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ልክ እንግዲህ የተፈጥሮ ልክ መሆኑ ነው።

ከፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በኋላ አገልግሎቱን እንደ ገና ለማቋቋም ሲታሰብ ሁለተኛው ልክ፣ ማለትም የገንዘብ አቅም፣ ጎልቶ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1951 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ይሁን እንጂ የረጅም ርቀት መስመሮች ጥቂቶች ስለ ነበሩ የክፍለ ሀገር ደንበኛ ከአዲስ አበባ ጋር ለመነጋገር ቁጥሩን ለስልክ ሠራተኛዋ አስመዝግቦ ተራውን መጠበቅ ነበረበት። በቤቱ ስልክ ለማስገባት የሚፈልገውም ቢሆን የወረፋው መዝገብ ረጅም ነበር።

በዚያ ዘመን የነበረው አገልግሎት ዝግተኛ ቢሆንም አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ ልኩ በጆሮ ይሰማ ነበር። ሠራተኛዋ «መስመሩ ተይዟል» ስትል ደንበኛው ምክንያቱን አወቀ ማለት ነው። ቢናደድም በምን እንደ ተናደደ ያውቃል።

መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙ በየጊዜው ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ1975 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት፣ በ1981 ባለሥልጣን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1979 የሱሉልታ የሳተላይት ምድር ጣቢያ ሥራ ሲጀምር አገሪቱ ከባሕር ማዶ ጋር የምትገናኝበት አዲስ መንገድ አገኘች። ሆኖም ሳተላይትም የራሱ የተፈጥሮ ልክ አለው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ጥያቄው ወጥቶና ወርዶ፣ መልሱም እንደዚያው ወጥቶና ወርዶ እስኪደርስ 144,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ቢበርም ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ይህን መዘግየት የትኛውም በጀት ሊያሳጥረው አይችልም።

ከሞደም ወደ ብሮድባንድ

ኢንተርኔት በይፋ ከመግባቱ በፊት፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ድርጅት በስልክ መስመር የኤሌክትሮኒክ መልእክት ማስተላለፍ ጀምሮ ነበር። መልእክቱ ተጠራቅሞ ይቆይና ስልክ ሲደወል በአንድነት ይሄዳል፤ ከፖስታ ብዙም የማይርቅ አሠራር ነው። ሙሉው የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የቀረበው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 49/1989 የቁጥጥሩ ሥራ ከአገልግሎት ሰጪው ተለይቶ ለአንድ ኤጀንሲ ተሰጠ፤ አገልግሎቱን የሚሰጠውም ኮርፖሬሽን ሆነ።

የሞደሙ ዘመን ልክ ከስልኩ የተወረሰ ነበር። የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ ስለ ሆነ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ1948 ክላውድ ሻነን እንዳስረዳው፣ የአንድ መስመር የመረጃ ጣሪያ የሚወሰነው በዚህ ስፋትና በመስመሩ ላይ ባለው ሁካታ ነው። ስለዚህ የተሻለው ሞደም እንኳ ከ56 ኪሎ ቢት በሰከንድ አላለፈም። አንድ ሜጋ ባይት የሚመዝን ፎቶግራፍ 8 ሚሊዮን ቢት ስለ ሆነ፣ ምንም እንከን ባይኖር 143 ሰከንድ ይፈጃል፤ እስከዚያው የቤቱ ስልክ ተይዞ ይቆያል።

እዚህ ላይ ብዙ ቅሬታ የሚያስነሣ አንድ የመለኪያ ስሕተት መጥቀስ ተገቢ ነው። አቅራቢው የሚሸጠው በቢት ነው፤ ደንበኛው በኮምፒዩተሩ ላይ የሚያየው ግን ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ፣ የ4 ሜጋ ቢት መስመር የገዛ ሰው በሰከንድ የሚያገኘው ግማሽ ሜጋ ባይት ነው። 60 ሜጋ ባይት የሆነ ትምህርት ለማውረድ ሁለት ደቂቃ ያስፈልገዋል። 4 ሜጋ ባይት የገዛ የመሰለው ደንበኛ በ15 ሰከንድ ይጠብቀዋል፤ ሲዘገይበትም ተታለልሁ ይላል። በዚህ ረገድ መስመሩ አልጎደለም፤ የጎደለው ማስረጃ ነው።

ብሮድባንድ ሲመጣ በዚያው የመዳብ ሽቦ ላይ ከድምፁ በላይ ያለውን ሰፊ ስፍራ የሚጠቀም ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. የተባለ ዘዴ ተያዘ። የተሻሻለው ዓይነት በስልክ ጣቢያው አጠገብ 24 ሜጋ ቢት ሊደርስ ይችላል፤ ነገር ግን ከፍተኛው ሞገድ በመዳብ ላይ ቶሎ ስለሚደክም ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ፍጥነቱ እጅግ ያሽቆለቁላል። ስለዚህ በጣቢያው አጥር ሥር የሚኖረውና በከተማው ዳር የሚኖረው እኩል ከፍለው እኩል አያገኙም። «እስከ» የምትለው ቃል በዓለም ገበያ ሥር የሰደደችው በዚህ ዘመን ነው። በመነሻዋ የተፈጥሮን ልክ ለመግለጽ የገባች የሐቅ ቃል ነበረች፤ እየዋለ ሲያድር ግን የአቅምና የውሳኔ ጉድለትም የሚሸሸግባት ሆነች።

በገጠር ከተሞች የነገሩ ቅደም ተከተል ከዚህ ለየት ይላል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳ ኔት የተባለው መረብ ሲዘረጋ ብሮድባንድ ከቤት ቀድሞ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደረሰ። ከዚያም ዜድ.ቲ.ኢ. ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር በተደረገ የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት የብርሃን ገመዱና የሞባይል መረቡ ተስፋፋ። ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድ.ቲ.ኢ. ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያ ተፈረመ፤ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አራተኛው ትውልድ ሞባይል በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ከዚህም የተነሣ ለብዙው የደጋ ከተማ ነዋሪ የመጀመሪያው ኢንተርኔት የእጅ ስልኩ ሆነ፤ የቤት መስመር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የብሮድባንድ ዋጋ በ54 በመቶ ሲቀነስ የቀድሞው ቅሬታ፣ ማለትም የውድነቱ ነገር፣ ጋብ አለ። ዋጋ ሲቀንስ ግን ተጠቃሚ ይበዛል፤ ተጠቃሚ ሲበዛም መስመሩ ይጨናነቃል። ሙግቱ ከዋጋ ወደ ጥራት ዞረ።

ልኩ ከየት ይመጣል?

ለመሆኑ የብርሃን ገመድ ባለበት ዘመን ፍጥነቱ የሚጎድለው ለምንድን ነው? ርቀት ምክንያት አይሆንም። ብርሃን በመስተዋት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በአንድ ተኩል ሺኛ ሰከንድ ይጨርሰዋል። እንቅፋቱ ያለው በአራት ስፍራዎች ነው።

አንደኛው በደንበኛው ቤት ውስጥ ነው። በወፍራም ግድግዳ የተከለለ ዋይፋይ የገባውን ፍጥነት ሳያደርስ ሊያስቀረው ይችላል። ሁለተኛው ጎረቤታሞች የሚጋሩት የሰፈር መስመር ነው። በተለመደው የቤት ለቤት ብርሃን ገመድ አሠራር፣ ወደ ደንበኞች የሚወርደው የአንድ ገመድ አቅም 2,488 ሜጋ ቢት ሲሆን ለ64 ቤቶች ሊከፋፈል ይችላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ ለእያንዳንዱ 39 ሜጋ ቢት ያህል ይደርሰዋል። ለእያንዳንዱ 100 ሜጋ ቢት ቢሸጥ የተሸጠው 6,400 ይሆናል። ይህ በራሱ ማታለል አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ሰከንድ አይጠቀምምና። የዓለም የስልክ ሥራ ሁሉ የተመሠረተው በዚሁ ስሌት ነው። ማታለል የሚሆነው ስሌቱ ሲደበቅና ምሽት ላይ የሚደርሰው ከተሸጠው እጅግ ሲያንስ ነው።

ሦስተኛው የአገር ውስጥ ዋና መስመር ነው። ጎጃምን ዓባይ በሦስት ወገን ከብቦታል፤ ከአዲስ አበባ በአጭሩ የሚመጣ መስመር ሁሉ ያንን ሸለቆ መሻገር ግድ ይለዋል። መሐንዲሶች የሚመክሩት መስመሩ በቀለበት ተዘርግቶ አንዱ ወገን ሲበጠስ ሌላው እንዲሸከም ነው፤ ይህም በገንዘብ ይወሰናል። የመብራት መቋረጥም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ባትሪው ያለቀ ጣቢያ ገመዱ ደኅና ቢሆንም ዝም ይላል። አራተኛው የውጭ መስመር ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ወደ ባሕር ውስጥ ገመዶች የምትደርሰው እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤት አገሮች በኩል ነው።

ሦስተኛው ልክ

እስካሁን የተነገረው የተፈጥሮና የአቅም ልክ ነው። የውሳኔ ልክ ግን ከሁለቱም ይለያል፤ መስመሩ ደኅና ሆኖ፣ አቅሙም ሳለ፣ ሰው ሆን ብሎ ይዘጋዋልና። ቀላሉ የንግድ ውሳኔ ነው፤ ደንበኛው በወሩ የተወሰነለትን መጠን ሲጨርስ ፍጥነቱ ይቀነስበታል። ይህ አስቀድሞ በግልጽ ከተነገረ የውል ጉዳይ ነው።

ከባዱ የመንግሥት ውሳኔ ነው። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በፈተና መሰረቅ ምክንያት፣ ከዚያም በሰኔ 2011 እና በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተቋርጧል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ቆይቷል። በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ዘልቋል። ኢንተርኔትን በእጅ ስልኩ ብቻ ለሚያውቅ የደጋ ነዋሪ ይህ ማለት ሁሉም ነገር ተቋረጠ ማለት ነው። ዘመድ ለጠፋበት ቤተሰብ፣ ዋጋ ለሚጠይቅ ነጋዴ፣ ምዝገባ ለሚጠብቅ ተማሪ ፍጥነቱ ዜሮ ሆነ። ስለ ሜጋ ቢት የሚደረግ ክርክር ሁሉ በዚህ ፊት ያንሳል። ለውሳኔው የሚሰጠው ምክንያት የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ ባለሙያው በዚያ ላይ ዳኛ ሆኖ ባይቀመጥም፣ የተዘጋውን መስመር «የቴክኒክ ብልሽት ነው» ብሎ እንዳይጠራ ሙያው ያስገድደዋል።

የመለኪያ ጉዳይ

ሌሎች አገሮች በቅሬታው ላይ የወሰዱት እርምጃ ቀላልና ጠቃሚ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ የቤት መስመር ውል ዝቅተኛውን፣ በተለምዶ የሚገኘውንና ከፍተኛውን ፍጥነት ለየብቻ እንዲገልጽ አዘዘ። በእንግሊዝ አገር ከግንቦት ወር 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማስታወቂያ ላይ የሚነገረው ፍጥነት ቢያንስ ግማሹ ደንበኛ መስመሩ በሚጨናነቅበት ሰዓት የሚያገኘው እንዲሆን ተወሰነ፤ ቀድሞ ከአሥር አንዱ ቢያገኘው ይበቃ ነበር። የተለወጠው ገመዱ ሳይሆን ቃሉ ነበር።

በአገራችንም መሠረቱ ተጥሏል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛ አቅራቢ ሆኖ ሥራውን በይፋ ጀምሯል። ይሁን እንጂ ውድድር ብቻውን አይበቃም። በሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ የደረሰለት ሰው አማራጭ የለውምና፣ የእርሱ ጠባቂ ሕግና መለኪያ ነው።

ስለዚህ የሙያ ማኅበራችን አባላት ድርሻ ይህ ነው፤ የሰፈሩ መጋሪያ መጠን በውሉ ላይ እንዲጻፍ፣ ፍጥነቱ በጣቢያው ሳይሆን በደንበኛው ቤት፣ በንጋት ሳይሆን በምሽት እንዲለካ፣ ውጤቱም በየከተማው እንዲታተም መምከርና መሥራት። ለቅሬታ የሚመጣ ደንበኛም ልኩ የተፈጥሮ፣ የአቅም ወይስ የውሳኔ እንደ ሆነ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ተፈጥሮን ሲረዳ ይታገሣል፤ አቅምን ሲረዳ ይጠብቃል፤ ውሳኔን ሲያውቅ ደግሞ ውሳኔ ሰጪውን ይጠይቃል። ሦስቱንም ማንም ካልለየለት ግን ሁሉንም በመሐንዲሱ ላይ ይደፈድፈዋል፤ ቁናውን ሳያይ የገዛ ሰው ጎደለብኝ ቢል አይፈረድበትም።