ፎቶ የሚታጠብበት ውሃ

የዐፄ ቴዎድሮስ ፎቶግራፍ የለም። በመማሪያ መጽሐፍ፣ በቲሸርትና በግድግዳ ላይ የምናየው ሹሩባ የተሠራ መልክ ሁሉ የሠዓሊ እጅ ያወጣው ነው። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ የአስከሬናቸውን ፊት ነድፎ ወስዷል። የሚያንገበግበው ግን ካሜራ ያን ጊዜ መቅደላ ድረስ ወጥቶ የነበረ መሆኑ ነው።

በ1860 ዓ.ም. ከዙላ ተነሥቶ ወደ ደጋው የወጣው ጦር፣ በመሐንዲስ ክፍሉ ውስጥ በሳጅን ጆን ሃሮልድ የሚመሩ ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። ለጦሩ ካርታና ንድፍ እያባዙ ጎን ለጎን ተራራውን፣ ሰፈሩንና ከእስር የተፈቱትን አውሮፓውያን አነሡ። የዘመኑ አሠራር ዛሬ ሲያስቡት ይደክማል። ፎቶ አንሺው ጨለማ ድንኳን ውስጥ ገብቶ አንዱን መስተዋት ኮሎዲዮን በሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ ይቀባል፤ ከዚያ የብር ናይትሬት ውስጥ ይነክረዋል፤ እርጥብ እንደሆነ ካሜራው ውስጥ ከትቶ ያነሣበታል፤ ሳይደርቅበትም ሮጦ ድንኳኑ ውስጥ ያጥበዋል። ከደረቀ አበቃ። ይህ ሁሉ በቆላ ሙቀትና በአቧራ መካከል ሲሆን ምን ያህል መስተዋት ተበላሽቶ ምን ያህል ጠርሙስ ተሰብሮ እንደቀረ መገመት አያዳግትም። ፎቶ ያኔም የውሃ ሥራ ነበር። ውሃ በሌለበት ፎቶ የለም።

አባትየው አንድም ፎቶ ሳይኖራቸው ቀሩ፤ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን በዚያው ዓመት፣ በሰባት ዓመቱ፣ የእንግሊዟ ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ተቀመጠ። ቦታው ዋይት የምትባለው ደሴት ነው። ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ። አንዳንዶቹ ላይ ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ አብሮት አለ፤ ልጁ የአገሩን ልብስ ለብሷል፣ ዓይኑ ግን እዚያ ያለ አይመስልም። የካሜሮን ፎቶዎች በጥበባቸው የተመሰገኑ ናቸው። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን ጥበቡን ከማየቱ በፊት የልጁን ትከሻ ያያል።

ከ15 ዓመት በኋላ ካሜራ ሐረር ገባ። ይዞት የገባው በወጣትነቱ ግጥም እርግፍ አድርጎ ትቶ ቡናና ቆዳ ሲነግድ የነበረው አርተር ራምቦ ነው። ሐረር ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። ራምቦ ካሜራውን ከሊዮን ከተማ አዝዞ ብዙ ወራት ጠብቆ ተረከበ፤ በ1875 ዓ.ም. ለእናቱና ለእህቱ ራሱን ያነሣባቸውን ፎቶዎች ላከ። አንዱ ላይ ሰገነት ላይ ቆሟል፤ ሌላው ላይ ሙዝ ተክል መካከል እጁን አጣምሮ ይታያል። ፎቶዎቹ የነጡና የደበዘዙ ናቸው። ምክንያቱን እሱ ራሱ በደብዳቤው አስረድቷል፤ ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለነበር ሁሉም ነጭ ሆነበት። የእነዚያን ፎቶዎች ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ገጣሚው ላይ ያተኩራሉ። ለሙያው ሰው ግን ትልቁ ነገር ውሃው ነው። በሩቅ አገር ለብቻው፣ የሚጠይቀው መምህር ሳይኖረው፣ በሰፈሩ ውሃ የሚታገል ጀማሪ ፎቶ አንሺ እዚያ ይታያል።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ካሜራ ወደ ቤተ መንግሥት ቀረበ። ካህናቱ ነገሩን አልወደዱትም፤ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ለዐፄ ምኒልክ አመለከቱ። ሲነገር እንደኖረው ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጥተው፣ ይህን ለመሥራት የሚያስችለውን ነገር ሁሉ የፈጠረው እግዚአብሔር አይደለም ወይ ብለው መለሱላቸው። ስልክንና መኪናን የመሰለ አዲስ ነገር ማየት የሚወዱ ሰው ነበሩና መልሱ ከጠባያቸው ጋር ይሄዳል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1905 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገብቶ የምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ወረደ፤ ልጁ ሃይጋዝ ለንግሥት ዘውዲቱ፣ ሌላው ልጁ ቶኒ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሠሩ። በአንድ ቤተሰብ ሌንስ ፊት ሦስት ዘውድ አለፈ ማለት ነው።

ዘውዱ የተነሣበት ጥበብ ቀስ በቀስ ወደ መንገድ ዳር ወጣና ፎቶ ቤት ሆነ። ፎቶ ቤትን የማያስታውስ የከተማ ሰው የለም። መግቢያው ላይ መስተዋትና ማበጠሪያ አለ። ሚስማር ላይ ኮትና ከረባት ተሰቅሏል፤ የሌለው ይለብሰዋል፣ ተነሥቶ ያወልቀዋል። ከኋላ ሐይቅ ወይም ቤተ መንግሥት የተሣለበት ሸራ ተዘርግቷል፤ ጎኑ ላይ የፕላስቲክ አበባ ቆሟል። ለጉርድ ፎቶ የመጣ ሰው ጆሮው እንዲታይ ይነገረዋል። “እማማ፣ ትንሽ ቀና ይበሉ፤ ነጠላዎን ከግንባርዎ ገለጥ ያድርጉት፤ በቃ፣ እንዳይንቀሳቀሱ!” ከዚያ ብልጭ ይላል። “ሐሙስ ይምጡ።”

እስከ ሐሙስ የሚሠራውን ደንበኛው አያይም። ፊልሙ በጨለማ ክፍል በቀይ መብራት ሳይሆን በድፍን ጨለማ፣ በጣት ዳበሳ ከካሴቱ ይወጣል፤ ቀይ መብራት የሚፈቀደው ወረቀቱ ላይ ሲደረስ ነው። ፊልሙ ታጥቦ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ እርሳሱ ይመጣል። የሪታች ባለሙያው ነጌቲቩን ከኋላው ብርሃን በሚገባበት ዘንበል ያለ መስተዋት ላይ ያኖራል፤ እርሳሱን እንደ መርፌ እስኪሾል ይቀርጻል። ነጌቲቭ ላይ ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነው። የዓይን ሥር ጥላና የግንባር ሽብሽብ እዚያ ላይ ሳሳ ብሎ ይታያል። ባለሙያው ያን ስስ ቦታ በነጠብጣብና በቀጭን ጭረት ቀስ እያለ ይሞላዋል፤ ሲታተም ሽብሽቡ ይጠፋል። እርሳሱ ከበዛ ፊቱ ሸክላ ይሆናል። ካነሰ ሴትዮዋ “ይህቺ እኔ ነኝ?” ትላለች። የሙያው ልክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነበር። ያን ልክ ያገኙ እጆች ስማቸው በየትም ሳይጻፍ ማለፉ ያሳዝናል።

አማርኛ ለዚህ ሙያ የሰጠውን ግሥ ልብ ማለት ደስ ይላል። ፎቶ እንደ ልብስ ይታጠባል። ጨለማ ክፍሉ ከተዘጋ፣ ባለ ቀለሙ ፊልምም ካለፈ በኋላ እንኳን ሰው ከስልኩ ላይ ፎቶ ሊያሳትም ሲሄድ “ፎቶ ላሳጥብ” ነው የሚለው። ማሽኑ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ጠብታ ውሃ የለም።

ከፎቶ ቤት የወጣው ፎቶ ሥራ ነበረው። ጀርባው ላይ “ለማስታወሻ” ተብሎ ተጽፎ ከወታደር ካምፕ ለእናት ይላካል፤ ወደ አረብ አገር የምትሄድ ልጅ ከመነሣቷ በፊት ለቤተሰቧ አንድ ትተዋለች፤ የተመራቂ ጋዋን ያለበት ደግሞ በፍሬም ተደርጎ ሳሎን ውስጥ ይሰቀላል። ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚታየው ጉርዱ ነው። ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለፎርም ተብሎ የሚነሡት ነገር ነው፤ ለውበት ብሎ ጉርድ የሚነሣ የለም።

ሆኖም መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የገባ ሰው ግድግዳውን ሞልተው የሚያገኛቸው የተገደሉት ሰዎች ፎቶዎች ብዙዎቹ እንደዚያ ያሉ ጉርዶች ናቸው። አፍሮ ያበጠሩ ወንዶች፣ ኮሌታቸውን ያስተካከሉ ልጃገረዶች ፊት ለፊት ያያሉ። አንሺው የዚያን ቀን ያሰበው አገጩ ቀና እንዲል፣ ብርሃኑ ከአንድ ጎን እንዳይከብድ ብቻ ነበር። ብዙ እናት የልጇን መቃብር አላገኘችም፤ የቀራት ያ ፎቶ ነው።

በዘመናችን አንዳንዶች ወደዚህ ክምችት ተመልሰዋል። “ቪንቴጅ አዲስ አበባ” በሚል ስም የተጀመረው ሥራ ከነዋሪዎች የቤተሰብ አልበም የድሮ ፎቶዎችን ሰብስቦ በ2018 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥቷል። ቤተ መንግሥት ያልገባ ሰው ሁሉ እዚያ አለ፤ ጨፋሪው፣ ሙሽራዋ፣ ሞተር ላይ ተቀምጦ የተነሣው። አይዳ ሙሉነህ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በፎቶ ዘጋቢነት ሠርታ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። በዳሎል የነጭ ጨው ሜዳ ላይ፣ ከዋተርኤይድ ድርጅት ጋር በመተባበር፣ ቀይና ሰማያዊ ልብስ የለበሱ ሴቶችን ያነሣችበት ሥራዋ የውሃ ፍለጋን ሸክም ያሳያል። ውሃ በሌለበት ምድር ስለ ውሃ የተነሣ ፎቶ ነው።

ሚካኤል ጸጋዬ ደግሞ ፎቶ አንሺ ለመሆን አልተነሣም። አለ ፈለገ ሠላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ በ2002 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ ቀጥሎ የዘይት ቀለም ለጤናው አልስማማ አለው። ብሩሹን አስቀምጦ ካሜራ ያዘ። ከሥራዎቹ አንዱ በአዲስ አበባ መቃብሮች ላይ የተለጠፉ ፎቶዎችን ያነሣበት ነው። እነዚያ ፎቶዎች አንድ ጊዜ ፎቶ ቤት ታጥበው፣ እርሳስ ነክቷቸው፣ የቤተሰብ እጅ መርጧቸው ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ነበሩ። መስተዋታቸው ተሰንጥቋል። ፀሐይ አንጥቷቸዋል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናብ እንደገና አጥቧቸዋል። ሚካኤል ቀርቦ፣ ከመቃብሩ ይልቅ ፍሬሙ ውስጥ የቀረውን መልክ እየተከተለ አነሣቸው።