ጓሳን ለዘመናት ያቆየው የቄሮ ሥርዓት፦ ለእኛ ግጦሽ ምን ያስተምራል?

ዛሬ ስለ ግጦሽ አያያዝ የማካፍላችሁ ነገር ከውጭ የመጣ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ የመንዝ አባቶች ራሳቸው ያበጁት ነው።

ጓሳ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የሚገኝ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳማ ቦታ ነው። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስሙ የጓሳ ሣር ነው፤ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለመኖ ይሆናል።

ሥርዓቱ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። ቦታውን አቀኑ የሚባሉት አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው። ዘሮቻቸው በርስት ይጠቀሙበት ነበር። ጠባቂው አለቃ "አባ ቄራ" ወይም "አፈሮ" ይባል ነበር፤ የሚመረጠውም በተጠቃሚው ሕዝብ ነበር። ሥርዓቱ ደግሞ "ቄሮ" ይባል ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጓሳ ከ3 እስከ 5 ዓመት በተከታታይ ይዘጋ ነበር። ሣሩ ደረሰ ሲባል አባ ቄራው የሚከፈትበትን ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በለቅሶ ቦታ ያስነግር ነበር። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨድ፣ ከዚያ በበጋው ከብት ይገባ ነበር። ክረምት ሲገባ፣ ቢዘገይ ሐምሌ 5 ለጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሁሉም ለቆ ይወጣ ነበር። እስኪ ልብ በሉ፤ የሚከፈተው የሣሩ እድገት ታይቶ እንጂ ከብቱ ስለራበው ብቻ አልነበረም። የሚዘጋው ደግሞ ሣሩ ሊያቆጠቁጥ ሲል ነበር።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። በእርግጥ አዋጁ ከርስቱ ውጭ የነበረውን ሰው መብት ሰጥቶታል፣ ይህ መካድ የለበትም። ግን ዝጉ፣ ክፈቱ የሚል አካል ሲጠፋ ሁሉም ባገኘው ጊዜ ያጭዳል፣ ያግጣል፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰ። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል።

ታዲያ እናንተ ቀበሌ የጋራ ግጦሽ ካለ እነዚህን ሦስት ነገሮች ያዙ፦

1. ሣሩን እያያችሁ ልቀቁ። ከብት ግማሹን ሲግጠው አስወጡ። ቅጠሉ ሁልጊዜ ከተላጨ ሥሩ ያጥራል፣ በበጋ ቶሎ ይደርቃል።
2. መሬቱን እዩ። ባዶ አፈርና ከብት የማይነካው አረም ከበዛ መዝጊያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።
3. መክፈቻና መዝጊያውን በጋራ ወስኑ፣ ጠባቂ ምረጡ፣ ቅጣቱንም ቀድማችሁ ተስማሙበት። መሬት የሌላቸው ወጣቶችና እማወራዎች ከውሳኔው እንዳይቀሩ።

የቀበሌ ስብሰባ ሲኖር ይህን ጉዳይ አንሱት። ክረምቱ ከገባ በኋላ ከሆነ ግን ሣሩ ገና ሲያቆጠቁጥ ይበላል።